አባቴ ያጨበጨበ ዕለት

አባቴ ሲያጨበጭብ አይቼ አላውቅም ነበር። ሰርግ ላይ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ይቀመጣል። ቤተ ክርስቲያናችን ደግሞ ሳይጨበጨብ የሚያልፍ እሑድ የላትም፤ መዝሙሩ ሲሞቅ ሽማግሌውም ሕፃኑም ተነስቶ ያጨበጭባል። አባቴ ይነሳል፣ ይዘምራል፣ ያለቅሳልም፤ እጆቹ ግን አይገናኙም። አንድ ጊዜ ፓስተሩ "አቶ ላምቤቦ፣ ጌታ ሁለት እጅ የሰጠዎት ለምን ይመስልዎታል?" ብለው ቢቀልዱበት፣ "ዳቦ ለመሸጥ" ብሎ ምእመኑን ሁሉ አሳቀ። እኔም ጠባዩ ነው ብዬ ትቼው ነበር። ምክንያቱን ያወቅሁት አንድ ሐሙስ በቀረው ቀን ነው።

ይህ የሆነው አምና ነው። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ በስደት አገር፣ ዮቪል በሚባል ሰፈር ያደግኩ፣ ፋርማሲ ተቀጥሬ የምሠራ፣ ምላሴ የማያርፍ ልጅ። ስሜ ትዕግሥት ነው፤ ያወጣልኝ ሰው ምን ተስፋ አድርጎ እንደሆነ አላውቅም። አባቴ ሀድያ፣ እናቴ ከምባታ ስለነበረች ቤታችን የሚግባባው በአማርኛ ነበር፤ እኔ ዘንድ ሲደርስ ግማሹ እንግሊዝኛ ይሆናል። አባቴ ዙሉ በሚነገርበት በካትሌሆንግ ሰፈር ስፓዛ አለው፤ ዳቦና ሳሙና የሚሸጥባት፣ ደንበኛ በብረት ፍርግርግ የሚስተናገድባት ጠባብ ሱቅ ናት።

እናቴ ያረፈችው እኔ አሥራ አራት ዓመት ሲሆነኝ ነው። ካንሰር ነበር። እሷ ግን "የጨጓራ ቁስለት ነው" እንደተባለች ሄደች። አገር ያወቀውን ፀሐይ የሞቀውን ነገር ከእሷ በቀር ሁሉም ያውቅ ነበር፤ እኔም ጭምር። "መቼ ነው የሚሻለኝ?" ስትለኝ "በቅርቡ" እላት ነበር። ይህችን ቃል እስከ ዛሬ አልወዳትም።

ቀኑ ማክሰኞ ነበር፤ ረፋድ ላይ። አባቴ ለአንዲት አሮጊት ደንበኛው በፍርግርጉ ዳቦ እያቀበላት እያለ ወደቀ። ሴትዮዋ ጮኸች፤ ጎረቤት ተሰብስቦ በሩን ሰብሮ አወጣውና በሚኒባስ ታክሲ ሆስፒታል አደረሰው። እኔ ከሥራ እየሮጥኩ ስደርስ ነቅቷል። ደረቱ ላይ ሽቦ ተለጣጥፎበት ነርሷን "ሱቁን ማን ዘጋው?" እያለ በተሰባበረ ዙሉ ይነዘንዛታል። ከራስጌው ባለው ስክሪን ላይ ሠላሳ አንድ የሚል ቁጥር አየሁ። የልብ ምት መሆኑን አውቃለሁ፤ ነገር ግን ሠላሳ አንድ የሚመታ ልብ ይዞ የሚጨቃጨቅ ሰው አይቼ ስለማላውቅ ስክሪኑ የተበላሸ መሰለኝ።

ዶክተሯ ኖምሳ የምትባል ወጣት ሴት ናት። እኔንና ቀድመውኝ የደረሱትን ጋሼ ታምራትን ወደ ኮሪደር አወጣችን። ጋሼ ታምራት የአባቴ ታናሽ ወንድም ናቸው፤ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ። አባቴን ወደዚህ አገር ያመጡት እሳቸው ስለሆኑ፣ ታናሽም ቢሆኑ በቤተሰባችን የመጨረሻው ቃል የእሳቸው ነው።

"ስክሪኑ አልተበላሸም" አለችን ዶክተሯ። "የልቡ የኤሌክትሪክ መስመር ተቋርጧል። ከላይኛው ክፍል የሚወጣው ትእዛዝ ወደ ታች አይደርስም፤ የታችኛው ክፍል በራሱ አቅም እየተንፏቀቀ ነው። ዛሬም ሊቆም ይችላል፣ ነገም። ልቡን የሚያስመታ ትንሽ መሣሪያ፣ ፔስሜከር፣ ከትከሻው ሥር እናስገባለታለን። ሙሉ ማደንዘዣ እንኳ አያስፈልገውም። ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ቦታ አለኝ። ግን እሱ ራሱ ተረድቶ መፈረም አለበት። አስተርጓሚ የለንም፤ ትተረጉሚልኛለሽ?"

"እሺ" አልኩ።

ዶክተሯ ፊቷን እንዳዞረች ጋሼ ታምራት ክንዴን ያዙ።

"አትነግሪውም።"

"ምኑን?"

"ልብ የሚል ቃል ከአፍሽ እንዳይወጣ። ደም ግፊት ነው፣ ድካም ነው በይው። እንዲህ ያለ ነገር ለታማሚ ይነገራል እንዴ? ድንጋጤው ይገድለዋል። ትኬት ቆርጬለት ሆሳዕና እወስደዋለሁ፤ እዚያ ይጸለይለታል። ሰው ልብ ውስጥ ባትሪ ይከተታል?"

"ጋሼ፣ አውሮፕላኑ ውስጥ ይሞትብዎታል!"

"ስምሽን አትርሺ" አሉኝ። "እናትሽንም የሸኘናት እንደዚህ ነው። በሰላም፣ ሳትጨነቅ።"

እናትሽን ሲሉ ደሜ ፈላ። ግን እውነቱን ልናገር፤ አፌን ዘጋሁ። ታላቅን መቃወም በቤታችን የለም። ደግሞም ፈራሁ። ድንጋጤው እውነት ቢገድለውስ? ፋርማሲ ውስጥ መሥራት ከዚህ ፍርሃት አያድንም። ስለዚህ መሃል ለመሃል የምትሄድ ውሸት ፈለግኩ፤ ፊርማውን ላስፈርመው፣ በሽታውን ግን ልደብቀው። ከሁለት ያጣሁ ልሆን እንደሆነ አልገባኝም።

ወደ አልጋው ተመለስን። ዶክተሯ ወንበር ስባ አባቴ ፊት ተቀመጠች፤ ጋሼ ታምራት ከኋላዬ ቆሙ፤ ትንፋሻቸው ጆሮዬ ሥር ይሰማኛል። ዶክተሯ ስለ ልቡ፣ ስለ መሣሪያው፣ ባይገባለት ስለሚደርሰው ነገር በደንብ አድርጋ አስረዳች። የአባቴ እንግሊዝኛ የዳቦና የሳሙና እንግሊዝኛ ነው፤ አንድም አልያዘም። ጨርሳ ወደ እኔ ዞረች።

"አባዬ፣ ትንሽ ደም ግፊት ነው ትላለች" አልኩ። "ድካም ነው።"

"እረፍት ያስፈልገዋል በይው" አሉ ጋሼ ታምራት ከኋላዬ በሹክሹክታ።

"እረፍት ያስፈልግሃል። እና ደግሞ... ለጥንቃቄ ያህል ትንሽ ነገር ትከሻህ ሥር ያደርጉልሃል። እዚህ ጋ ፈርም።"

አባቴ ወረቀቱን አየ፣ ዶክተሯን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ እስክሪብቶውን መለሰልኝ።

"ደም ግፊት ከሆነ ምን በወጣኝ እቀደዳለሁ? ክኒን ይስጡኝና ልሂድ። የሱቁ በር ተሰብሯል።"

"አልፈርምም ይላል" አልኳት ለዶክተሯ።

ግንባሯን ቋጠረች። "ሊሞት እንደሚችል ነግረሽዋል?"

"የስ፣ የስ" አሉ ጋሼ ታምራት ቀድመውኝ።

"እንግዲያው ውሳኔው የእሱ ነው። አላስገድደውም። ሌላ የምትጠብቅ በሽተኛ ግን አለችኝ፤ እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ካልፈረመ ቦታውን ለእሷ እሰጣለሁ፤ ለእሱ ደግሞ መቼ እንደማገኝ አላውቅም።" ይህን ብላ ወጣች።

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ለስድስት አሥር ጉዳይ ይላል። ያን ጊዜ ገባኝ። ድንጋጤ እንዳይገድለው ብዬ የነገርኩት ውሸት ራሱ ሊገድለው ነው።

"ታምራት" አለ አባቴ። "እስቲ ወደዚህ ወደ ፊት ና። ከልጅቷ ኋላ ምን ታደርጋለህ?"

"ምንም።"

"ምንም አይደለም። ከመጋረጃ ጀርባ ቆሞ ለተዋናይ ቃል የሚያስታውስ ሰው አውቃለሁ። ስንት ዓመት ቲያትር ቤት የተመላለስኩ ይመስልሃል?"

ጋሼ ታምራት ወንድማቸውን ልቡን ብቻ ሳይሆን ራሱንም ያመመው መሰላቸው። እኔም አባቴ የቲያትር ቤት ደጅ ረግጦ እንደሚያውቅ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። በእኛ ቤት ቲያትር ዓለማዊ ነገር ነው፤ አይነሳም።

"ጌታን ከመቀበሌ በፊት ነው" አለኝ። "በደርግ ጊዜ፣ መርካቶ ጨርቅ ቤት ተቀጥሬ ስሠራ። እሑድ ከሰዓት ሌላ ቦታ ብትፈልጊኝ አታገኚኝም ነበር። ሱሪዬን ቅዳሜ ማታ ፍራሽ ሥር አስተኝቼ ነው የምተኩሰው። ሰልፉ ረጅም ነው፣ እኔ የምቀመጠው ሁልጊዜ ከኋላ ነው፤ ግን ሰው እንደዚያ ሲስቅና ሲያለቅስ ከዚያ ወዲያ አላየሁም። አንድ ተዋናይ ነበር፣ ሽማግሌ አባት ሆኖ የሚጫወት። በቲያትሩ መጨረሻ የልጁን መርዶ ሰምቶ ወድቆ ይሞታል። ያንን ቲያትር አራት ጊዜ አየሁት፤ ቃሉን በቃሌ ይዤዋለሁ። በአራተኛው ቀን ሰውዬው ገና መርዶው ሳይነገረው፣ በንግግሩ መሃል፣ የወንበር ድጋፍ ይዞ ቆመና ወደቀ።"

"ከዚያስ?"

"አጨበጨብን።"

ስክሪኑ ብቻ ቀስ እያለ ይጮኻል።

"አዳራሹ ሁሉ አጨበጨበ። አጠገቤ ያለው ሰው 'ዛሬስ አሳመረው' አለ። እኔ የሚወድቀው እዚያ ቦታ እንዳልሆነ አውቅ ነበር። አውቄ፣ ሰው ሲያጨበጭብ አይቼ አጨበጨብኩ። ቆሜ አጨበጨብኩ። ጭብጨባው ጋብ ሲል ከመጋረጃው ጀርባ ያ ቃል አስታዋሽ ድምፁ ተሰማን፤ ሰውዬው ቃሉ የጠፋበት መስሎት ያንኑ መስመር ደጋግሞ ይነግረዋል። ልቡ ነበር። ያኔ ለልብ ምን ነበረ? ውኃ ረጩበት፣ ክብሪት ጭረው አሸተቱት፣ በታክሲ ጭነው ወሰዱት። ከሆስፒታሉ በር አላለፈም አሉ።" እጆቹን ገለባብጦ አያቸው። "ከዚያ ወዲህ እነዚህ እምቢ አሉኝ።"

ጋሼ ታምራት አቀረቀሩ።

"አንቺ ደግሞ ልጄ፣ አትችይበትም" አለኝ። "ዶክተሯ ይህን ሁሉ ጊዜ አውርታ አንቺ በሦስት ቃል ጨረስሽው። ዓይንሽ መሬት መሬት ይላል። በይ ንገሪኝ።"

"ወንድሜ፣ ለአንተ አስበን እኮ ነው" አሉ ጋሼ ታምራት።

"አውቃለሁ። እኔም ለሚስቴ አስቤ ነበር።" ወደ እኔ አላየም። "በመጨረሻው ሳምንት ዓይኗን ጨፍና 'አንተ ሰውዬ፣ መዋሸት አይሆንልህም' አለችኝ። ታውቅ ነበር። እኛ እንዳንጨነቅ ብላ ነው የማታውቅ የመሰለችው። እኛ እያስመሰልን፣ እሷ እያስመሰለች፣ ቤት ሙሉ ሰው እያለ ብቻዋን ሞተች።"

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ "በቅርቡ" ብዬ ያታለልኳት መስሎኝ ስቃጠል ኖሬያለሁ። እዚያ አልጋ ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩና ተንሰቀሰቅኩ። ሰዓቱ ግን አይጠብቅም። ፊቴን በእጄ ጠራርጌ ነገርኩት።

"ልብህ ነው አባዬ። ትእዛዝ የሚያደርሰው መስመር ተቋርጧል። ዛሬ ሊቆም ይችላል። የሚያስመታው መሣሪያ ካልገባልህ ትሞታለህ።"

"አንቺ ልጅ!" ጋሼ ታምራት ጮኹ። "አንድ ነገር ቢሆን በደሙ ትጠየቂያለሽ!"

"ልጠየቅ!" አልኳቸው። በታላቅ ላይ ድምፄን ከፍ ሳደርግ የመጀመሪያዬ ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ያለ በሽተኛ ሁሉ ዞረ። "እናቴን ሳልሰናበታት ቀብሬያታለሁ። ሁለተኛ አላደርገውም። ከፈለጉ ይርገሙኝ!"

ከዚያ ሦስታችንም ስክሪኑን አየን። ሠላሳ አንድ። ሠላሳ ሁለት። ሠላሳ አንድ። ድንጋጤው አልገደለውም።

"ይኸው ነው?" አለ አባቴ። "ለመሞት ገና ነኝ። በይ ዶክተሯን ጥሪያት።"

ሮጥኩ። በኮሪደሩ የሚሄደውን አልጋ ሁሉ እየገፈተርኩ ሮጥኩ። ዶክተሯ ስልክ ይዛ ወደ ሌላኛዋ በሽተኛ ክፍል ልትደውል ነበር። "ዋሽቼዋለሁ" አልኳት። "አሁን ነግሬዋለሁ። እባክሽ ነይ።" ምንም አልተቆጣችኝም፤ ስልኩን አስቀምጣ ተከተለችኝ።

በዚህ ጊዜ የተረጎምኩት ቃል በቃል ነው። ከኋላዬ ማንም አልነበረም፤ ጋሼ ታምራት መስኮቱ ጋ ሄደው ቆመዋል።

"ባትሪው ስንት ዓመት ይሠራል በያት" አለ አባቴ።

"አሥር ዓመት ገደማ።"

"ሲያልቅስ?"

"አውጥተን አዲስ እናደርግለታለን።"

"ያን ጊዜ ሰባ ስምንት ይሆነኛል። ከአሁኑ ቀጠሮ ያዥልኝ በያት።"

ዶክተሯ ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም። "አንድ ነገር ደግሞ ጠይቂልኝ። በዚያ ጊዜ ይህ ነገር ቢኖር፣ ያ ሰውዬ ይነሳ ነበር?"

ታሪኩን አሳጥሬ ነገርኳት። "ምን እንደነበረበት አላውቅም። እንደ አባትሽ ያለ ከነበረና በጊዜ ቢደርስ፣ ይነሳ ነበር" አለች።

አባቴ ራሱን ነቀነቀና ፈረመ። ሰዓቱ ስድስት ከሃያ ስድስት ነበር።

ሊወስዱት ሲሉ ጋሼ ታምራት ከመስኮቱ ተመለሱ። "ልጸልይልህ" አሉ።

"ጸልይ። ግን ጮክ ብለህ፣ የበሽታውን ስም ጠርተህ። እግዚአብሔርንም እንዳትደብቀው።"

ጋሼ ታምራት እጃቸውን ትከሻው ላይ ጫኑ። "ጌታ ሆይ፣ የወንድሜን..." ብለው ቆሙ። እንደገና ጀመሩ። "የወንድሜን ልብ..." ቃሉን ከተናገሩት በኋላ ሌላ አልጨመሩም፤ እንደ ሕፃን አለቀሱ። ያን ዕለት እኔም ይቅር አልኳቸው፣ ቢያንስ ግማሹን።

ስምንት ሰዓት ላይ ገባ፣ ሰዓት ከሩብ ሳይሞላው ወጣ። ከትከሻው በታች ትንሽ ፋሻ አለች፤ ስክሪኑ ሰባ ይላል። ጣቶቹ ሞቀው ነበር። "ነቅቼ ነው ያየሁት" አለኝ። "ሽቦዋ በደም ሥሬ ወርዳ ልቤ ውስጥ ስትገባ በስክሪን አየኋት። አዲስ አበባ የፊት ወንበር አግኝቼ አላውቅም ነበር፤ ዛሬ አገኘሁ።"

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ብዙዎቻችሁ ከጋሼ ታምራት ጋር እንደምትስማሙ አውቃለሁ። "ባህላችን ነው፣ ለታማሚ ይታዘንለታል" ትላላችሁ። በቤተ ክርስቲያናችንም "አባቷን በድንጋጤ ልትገድለው ነበር" ብለው የሚያሙኝ አሉ፤ ፊት ለፊት የነገሩኝም አሉ። ይናገሩ። እኔ ግን ያየሁትን አይቻለሁ። ሳይንስ የወደቀውን ልብ የሚያነሳ መሣሪያ አምጥቶልን፣ እኛ በሽታውን ስሙን ለመጥራት ፈርተን ሰው በእጃችን ሊሞት ነበር። ማዘን ማለት ይህ ከሆነ ለእኔ ማንም እንዳያዝንልኝ። የምታመም ቀን ንገሩኝ። ላለቅስ እችላለሁ፤ ቢሆንም ማልቀሱም የእኔ ነው።

ከዚያ ወዲህ የእኛ ሰው ሲታመም ለማስተርጎም ይጠሩኛል። ከመግባቴ በፊት ቤተሰቡን ኮሪደር ላይ አቁሜ "ዶክተሩ ያለውን ሁሉ እላለሁ፤ የማትፈልጉ ከሆነ ሌላ ሰው ፈልጉ" እላቸዋለሁ። ተቆጥተው ያባረሩኝ አሉ። አንዲት ሴትዮ ግን እውነቱን ነግሬያት ስወጣ እጄን ይዛ "ተመስገን፣ አሁን ከልጆቼ ጋር መነጋገር እችላለሁ" አለችኝ። ይህ ለእኔ ይበቃኛል።

ከሁለት ወር በኋላ፣ ሽቦዋ እንዳትነቃነቅ ተከልክሎ የነበረው አባቴ እጁን ከትከሻው በላይ እንዲያነሳ ሲፈቀድለት፣ ለአንድ እሑድ ከሰዓት ቲያትር ትኬት ቆረጥኩ። ወሬው ቤተ ክርስቲያን ደረሰ። "በዚህ ዕድሜው ወደ ዓለም ተመለሰ" ተባለ። አባቴ "ጠዋት ለጌታ፣ ከሰዓት ለእኔ" ብሎ ሱሪውን በካውያ አስተኮሰኝ። ጋሼ ታምራት "ብቻውን አይሄድም፣ ልጠብቀው" ብለው ተከተሉን፤ ቲያትር ለማየት እንዳልመጡ ሦስት ጊዜ ነገሩኝ።

ትኬቱ የፊት ወንበር ነበር። ቲያትሩ በዙሉና በእንግሊዝኛ ነው፤ እናት ሆና የምትጫወተው ሴት መጨረሻ ላይ መድረኩ ላይ ወድቃ ትሞታለች። ስትወድቅ የአባቴ እጆች ጉልበቱ ላይ ተጣብቀው ነበር። መብራቱ ጠፋ። አዳራሹ አጨበጨበ፣ ፉጨትም ነበረ፣ እኔም አጨበጨብኩ። እሱ አልተንቀሳቀሰም። ትንፋሹን ይዞ በጨለማው ውስጥ የወደቀችበትን ቦታ ያያል።

መብራቱ ተመልሶ በራ። ሴትዮዋ ተነሳች። ጉልበቷን አራግፋ፣ ላቧን በእጇ ጠርጋ፣ ወደ እኛ ጎንበስ አለች።

አባቴ ያን ጊዜ ቆመ። እጆቹ ተገናኙ። መጀመሪያ ቀስ ብሎ፣ ከዚያ ባለ በሌለ ኃይሉ አጨበጨበ፤ እንባው በጉንጩ ይወርዳል። ጋሼ ታምራትም አጠገቡ ቆመው አጨበጨቡ። ሰዎቹ ጭብጨባቸውን ጨርሰው ተቀመጡ፣ ኮታቸውን ለብሰው ወጡ፣ ተዋንያኑ ገቡ። ጋሼም ደክሟቸው ተቀመጡ። በመጨረሻ አዳራሹን የምትጠርገው ሴት መጥረጊያዋን ይዛ መጣችና "ባባ፣ አልቋል እኮ" አለችው።

"አውቃለሁ እህቴ" አላት በዙሉ። ግን ማጨብጨቡን አላቆመም።